የጥገና ደረሰኝ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጎን፣ ጣሊያን ባቆመው ግንብ ሥር፣
ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ሽቦ ከሽቦ ሳስር፣
እርሳስ በካውያ ሳቀልጥ ሃያ ዓመቴ አለፈ፤
ስንቱ ድምፅ እጄ ላይ ሞተ፣ ስንቱ ከእጄ ተረፈ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ አታላይ መጡ፤
ሬዲዮአቸውን በፎጣ ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።
ስማቸው አታላይ ይሁን እንጂ እሳቸውን የሚያታልል
ጎንደር ገና አልወለደች፤ ወሬ እንደ ቆሎ ነው ለሳቸው፣
ጠጠሩን ሳይለቅሙ አይቆረጥሙም።
«ምን ሆነ?» አልኳቸው።
«ይዋሻል» አሉኝ። «ጠግንልኝ።»

ልጃቸው ይዘንጋው ሹፌር ነው፤ አይሱዙ ይነዳል፤
የፎገራ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደባርቅ ወጥቷል።
ኔትወርክ ከጠፋ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤
መንገዱ ተዘግቷል? ተከፍቷል? ማን ያውቃል?

ከፈትኩት። አንደኛው ጣቢያ፦ «አካባቢው ሰላም ነው፤
ገበሬው እርሻው ላይ፣ ተማሪው ትምህርቱ ላይ ነው።»
ቁልፉን አንድ ጥፍር ያህል አዞርኩት።
«ከተማዋ በእጃችን ናት፤ ጠላት ሙትና ቁስለኛ ሆኗል።»
ያው ከተማ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፤
በአንድ ጥፍር ስፋት ሁለት መሬት።
ሦስተኛው ከባሕር ማዶ፣ እየራቀ፣ እየቀረበ፣
በአጭር ሞገድ ቁጥር አነበበ፤
ሲጨርስም፣ «ይህን ከገለልተኛ ወገን
ማረጋገጥ አልቻልንም» አለ።
ጋሽ አታላይ ቀና አሉ።
«ድገመው» አሉኝ፤ ሬዲዮ ይደገም ይመስል።
«በዚህ ሳምንት የሰማኋት እውነት ይቺ ብቻ ናት።»

እኔም የራሴ ጣቢያ አለኝ፣ አንቴና የሌለው።
ጤፍ በኩንታል ስንት ገባ? ነጋዴ ለወገን ብሎ አይዋሽም፤
ለትርፍ ነው የሚዋሽ፤ ትርፉን ቀንሼ እሰማዋለሁ።
አንጓች ጎረቤቴ ናት፤ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፤
ማታ ስትገባ ጣቶቿ ተሸብሽበው፣
ማን አሸነፈ ብዬ አልጠይቃትም፤
«ስንት አጠብሽ?» እላታለሁ።
ሰላም ነው በተባለበት ሰኞ፣ መቶ አርባ።
«የማን ደም ነው?» ቢላት አንድ ጎረምሳ፣
«በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው» አለችው፣ «የሁሉም።»

ይህን ስነግራቸው አንድ ልጅ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ቆመ፤
ከዳባት በእግሩ የገባ፤ አቧራው ቅንድቡ ላይ ከርሟል።
«ምን አየህ?»
«ጫማ። አንድ። መንገድ ዳር።»
«የማን ወገን?» አለ ሙጬ፣
ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ እኔ ጋ የሚውለው አስጎብኚ።
ልጁ አሰበ፤ አስቦ፣ «የግራ» አለ።

ጋሽ አታላይ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዙ።
«ሽንኩርት የጫነ አይሱዙስ?»
«ሽንኩርት አይቻለሁ፤ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ።
አይሱዙ አላየሁም።» አልጨመረ፣ አልቀነሰ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤
«እንግዲያው መኪናው አልፏል ማለት ነው፣ ደህና ነው» ልል፤
ምላሴ ላይ ደርሶ መለስኩት።
እኔም ጣቢያ ልሆን ነበር።

ሽማግሌው ቁልፉን ራሳቸው አዞሩ፤
ከአንዱ ጣቢያና ከሌላው መሃል፣
ሽሽሽ ብቻ የሚልበት ላይ ሲደርሱ አቆሙ።
«ይህኛው የማንም አይደለም» አሉ።

ደረሰኝ ቆረጥኩላቸው፤ የቤቱ ደንብ ነው።
ስም፦ አታላይ ብሬ።
ዕቃ፦ ሬዲዮ፣ ባለ ሦስት ባንድ።
ብልሽት፦
እዚህች መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ብዙ ቆየ፤
«ማረጋገጥ አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩ።
ሒሳቡን ባዶ ተውኩት።

በፎጣው መልሰው ጠቀለሉት፤ አልዘጉትም።
ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሽሽታው ይሰማኝ ነበር፣
እስከ ፋርማሲው ጥግ፣
ከዚያ የባጃጅ ጡሩንባ እስኪውጠው ድረስ።